የቪታሚን ዲ ማነስና የስኳር በሽታ
ስለ አንድ የተለመደ አባባል የቀረበ ሂስ

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አንድ አባባል ተደጋግሞ ይሰማል። ይኸውም «የስኳር በሽታ የበዛው ሰው ፀሐይ መሞቅ ስለ ተወ ነው፤ ቪታሚን ዲ የጎደለው በስኳር ይያዛል፤ ቪታሚኑን የዋጠ ግን ይድናል» የሚል ነው። አባባሉ ያለ መነሻ የተፈጠረ አይደለም። በታወቁ የሕክምና መጽሔቶች የወጡ ብዙ ጽሑፎች የቪታሚን ዲ ማነስና 2ኛው ዓይነት የስኳር በሽታ በአንድ ሰው ላይ አብረው እንደሚገኙ ይመሰክራሉ። ነገር ግን «አብረው ይገኛሉ» ከማለት ተነሥቶ «አንዱ ሌላውን ያመጣዋል» ወደ ማለት፥ ከዚያም «መድኃኒቱ ይህ ነው» ወደ ማለት በሚወስደው መንገድ ላይ ሁለት ገደሎች አሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ሁለት ገደሎች ለአንባቢ ማሳየት ነው።

ለዚህም በሰሜን ሸዋ የምትገኘውን መዘዞን መመዘኛ አድርገናል። መዘዞ ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፥ ከፍታዋ 3,000 ሜትር ገደማ የሚሆን የደጋ ከተማ ናት። የመረጥናትም ስለ ሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፥ ፀሐይዋም ብርዷም ብርቱ ስለ ሆነ «አገሩ ፀሐይ አለው» ማለትና «የሰው ገላ ፀሐይ ያገኛል» ማለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው በእርስዋ ላይ በግልጽ ይታያል። ሁለተኛ፥ የመዘዞ ገበሬ ቢታመም ለምርመራና ለመድኃኒት የሚያወጣው ገንዘብ የተቈጠረ ነው። በትልቅ ከተማ ያለ ባለጸጋ አንድ ያልተረጋገጠ እንክብል ቢገዛ ጉዳቱ ጥቂት ነው፤ የመዘዞው ሰው ግን ያንን ሲገዛ የሚያስፈልገውን ሳይገዛ ይቀራል። ስለዚህ ክርክሩ የሊቃውንት ብቻ አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

ስለ ሁለቱ ነገሮች አጭር መግለጫ

ቪታሚን ዲ ስሙ ቪታሚን ይባል እንጂ ግብሩ ለሆርሞን ይቀርባል። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር፥ በተለይም ቢ የተባለው ክፍሉ፥ ቆዳን ሲነካ በቆዳ ውስጥ ከሚገኝ የኮሌስትሮል ወገን ከሆነ ቅመም ቪታሚኑ ይሠራል። ከዚያም በመጀመሪያ ጉበት፥ ቀጥሎ ኩላሊት ይለውጡትና ለሥራ ዝግጁ ይሆናል። ዋናው ሥራው በምግብ የገባው ካልሲየም ከአንጀት ወደ ደም እንዲያልፍና አጥንት እንዲጠነክር ማድረግ ነው። ከምግብ የሚገኘው ቪታሚን ዲ ጥቂት ነው፤ የሰባ የባሕር ዓሣ፥ የእንቁላል አስኳልና ጉበት ይሰጡታል። በደጋው አገራችን የባሕር ዓሣ በማዕድ ላይ አይታይም፤ እንቁላሉም በጾም ወራት ይቀራል። እንግዲህ ለእኛ ሰው ቪታሚን ዲ ከሞላ ጎደል የፀሐይ ስጦታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መጠኑ የሚለካው ጉበት ለውጦ ወደ ደም የሚለቀው ዓይነት ተመርምሮ ነው፤ በ1 ሚሊ ሊትር ከ20 ናኖግራም በታች ከሆነ ብዙ ተመራማሪዎች «ማነስ» ሲሉት ቈይተዋል።

የስኳር በሽታ በበኩሉ አንድ ስም የተሰጠው የብዙ በሽታዎች ጉባኤ ነው። በ1ኛው ዓይነት ሰውነት በራሱ ላይ ተነሥቶ በቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመነጩትን ሕዋሳት ያጠፋል። በ2ኛው ዓይነት ግን ኢንሱሊን እያለ ጡንቻና ጉበት አንታዘዝም ይሉታል፤ ቆሽትም ይህን እንቢታ ለማሸነፍ አብዝቶ ሲሠራ ቈይቶ ይደክማል። ለዚህ ለ2ኛው ዓይነት መነሻ የሚሆኑት ዘር፥ ዕድሜ፥ የሆድ ውፍረትና የአካል እንቅስቃሴ ማነስ መሆናቸው በብዙ ማስረጃ የጸና ነው። ክርክሩ ቪታሚን ዲ ከእነዚህ ተርታ ይቈጠራል ወይስ አይቈጠርም የሚለው ነው።

የአባባሉ አመጣጥ

የአባባሉ ደጋፊዎች በእጃቸው ምንም የላቸውም ማለት ፍርድን ማጓደል ነው። በ1980 ዓ.ም. ሳይንስ በተባለው የአሜሪካ መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት ቪታሚን ዲ ያጡ አይጦች ቆሽታቸው የሚያወጣው ኢንሱሊን እንደሚቀንስ አሳየ። በቆሽት ሕዋሳት ውስጥም ቪታሚኑን የሚቀበል ልዩ ክፍል ይገኛል። ኢንሱሊን ከሕዋሱ እንዲወጣ ካልሲየም የግድ አስፈላጊ ስለ ሆነና ቪታሚን ዲም የካልሲየም አዛዥ ስለ ሆነ፥ በሁለቱ መካከል መንገድ አለ ማለት ለአእምሮ የማይከብድ ነው። ከዚህም በላይ በልዩ ልዩ አገሮች ብዙ ሰዎች ተመርምረው ለብዙ ዓመታት ሲጠበቁ፥ ቪታሚን ዲ ያነሳቸው ሰዎች በ2ኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

ሌላም ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ ጥናት አለ። በ1966 ዓ.ም. በሰሜን ፊንላንድ የተወለዱ ሕፃናት ተመዝግበው ካደጉ በኋላ፥ ቪታሚን ዲ በሕፃንነታቸው በደንብ የተሰጣቸው በስኳር በሽታ የተያዙት ጥቂቶች ሆነው መገኘታቸው በ2001 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ታትሟል። ይሁን እንጂ ይህ ጥናት የሚናገረው ስለ 1ኛው ዓይነት ነው። ስሙ አንድ ስለ ሆነ ብቻ የ1ኛውን ማስረጃ ለ2ኛው ማዋስ፥ ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች ዳኛ ፊት ሲቀርቡ የአንዱን ምስክር ለሌላው እንደ መቍጠር ያለ ነው። በአባባሉ ላይ ያለን የመጀመሪያው ቅሬታ ይህ ነው።

«የ13 ወር ፀሐይ» እና የኢትዮጵያ ጥናቶች

ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ አገራችንን ለጎብኚዎች ያስተዋወቁበት «የ13 ወር ፀሐይ» የተባለው ቃል በዓለም የታወቀ ነው። ከዚህ የተነሣ «ኢትዮጵያዊ እንዴት ፀሐይ ይጎድለዋል?» የሚል ሰው አይታጣም። ጥናቶቹ ግን ሌላ ይናገራሉ። ዶክተር የወይንሐረግ ፈለቀና ባልደረቦቻቸው በ1999 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት የኢትዮጵያውያን የቪታሚን ዲ መጠን ከኖርዌይ ሰዎች መጠን ጋር ተነጻጽሮ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ፀሐይ በበዛበት አገር ያለው ሰው ፀሐይ ባነሰበት አገር ካለው ሰው አንሶ መገኘቱ አንባቢን ሊያስደንቅ ይገባል። የሰሜኑ ሰው የባሕር ዓሣ ይበላል፤ ቆዳው ነጣ ያለ በመሆኑም ጥቂቷ ፀሐይ ታገለግለዋለች። ጠቈር ያለ ቆዳ ግን ከቃጠሎ በሚጠብቀው ቀለም ምክንያት ያንኑ ያህል ቪታሚን ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ በፀሐይ ላይ መቈየት ይፈልጋል።

በ2015 ዓ.ም. የታተመው የአዳማና የአካባቢዋ ተማሪዎች ጥናት ደግሞ የ13 ወሩን ፀሐይ በርእሱ ላይ አስፍሮ የቀረበ ነው። ከተመረመሩት 174 ተማሪዎች መካከል ከመቶ 42ቱ ቪታሚን ዲ ያነሳቸው ነበሩ። በከተማ ከመቶ 61.8፥ በገጠር ግን ከመቶ 21.2 ብቻ ሆነ። ያው ሰማይ፥ ያው ፀሐይ፥ ልዩነቱ ግን ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ከማነሱ ጋር ተያይዘው የተገኙት ነገሮች በፀሐይ የሚያልፈው ጊዜ ማጠር፥ የሚገለጠው ገላ ማነስ፥ የሰውነት ስብ መብዛት፥ በቤት ቴሌቪዥን ወይም ኮምፒዩተር መኖርና የመሳሰሉት ናቸው።

ይህን ዝርዝር አንባቢ ልብ ብሎ ይመልከተው። ቤት ውስጥ መዋል፥ ስብ መብዛት፥ ቴሌቪዥን ፊት መቀመጥ፤ እነዚህ የቪታሚን ዲ ማነስ ጎረቤቶች ብቻ ሳይሆኑ የ2ኛው ዓይነት የስኳር በሽታም የታወቁ መንገድ ጠራጊዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ገደል፦ አብሮ መገኘት ምክንያት መሆን አይደለም

ዶሮ ሲጮኽ ይነጋል፤ ዶሮው ግን ሌሊቱን አላነጋውም። ሁለቱንም የሚያንቀሳቅስ ሌላ ነገር አለ። በቪታሚን ዲና በስኳር በሽታም መካከል እንዲህ ያለ ሦስተኛ ነገር መኖሩ ግልጽ ነው። አንደኛ፥ ቪታሚን ዲ በስብ ውስጥ የሚሟሟ ስለ ሆነ ወፍራም ሰው በደሙ ውስጥ የሚገኘው መጠን ዝቅ ይላል። ውፍረት በአንድ እጁ ቪታሚኑን ሲያሳንስ፥ በሌላ እጁ ስኳሩን ያመጣል። ሁለተኛ፥ በእግሩ የሚሄድና በውጭ የሚሠራ ሰው ፀሐዩንም እንቅስቃሴውንም በአንድነት ያገኛል፤ ስኳር እንዳይዘው የረዳው መራመዱ ሆኖ ሳለ ምስጋናውን ፀሐይ ልትወስደው ትችላለች። ሦስተኛ፥ የታመመ ሰው ከቤት ስለማይወጣ ማነሱ የበሽታው ምክንያት ሳይሆን ውጤት ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ነገር ከራሳችን ወገኖች ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። በ1984 እና በ1985 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ፥ ቀጥሎም በግንቦት ወር 1991 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ብዙ ሺህ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ተወሰዱ፤ በሁለተኛው ዘመቻ ብቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ተጓጉዘዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከጎንደር ገጠሮች የመጡ፥ የእርሻና የእጅ ሥራ ሰዎች ነበሩ። በ1988 ዓ.ም. የወጣ ጥናት በመጀመሪያ ከመጡት ወጣቶች መካከል በስኳር የተያዙት ብዙ መሆናቸውን ገለጸ። በ1995 ዓ.ም. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከኢትዮጵያ በመጡ ሴቶች ዘንድ የቪታሚን ዲ ማነስ መስፋፋቱን፥ በእርግዝናና በማጥባት ጊዜም መባሱን አስታወቀ።

አባባሉን የሚደግፍ ሰው ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀምጦ «እነሆ!» ሊል ይችላል። እኛ ግን እንጠይቃለን። እነዚህ ሰዎች በአንድ ጊዜ የተለወጠባቸው ፀሐይ ብቻ ነውን? ከእርሻ ወደ ፎቅ ቤት፥ ከእግር መንገድ ወደ አውቶቡስ፥ ከጤፍና ከሽምብራ ወደ ነጭ ዳቦና ወደ ለስላሳ መጠጥ፥ ከዘመድ መንደር ወደ እንግዳ አገር ተሻግረዋል። ኑሮው ባንድ ጊዜ ሲገለበጥ ቪታሚኑም ስኳሩም ተከትለውት ሊገለበጡ ይችላሉ። ከዚህ ሁሉ መካከል ፀሐይን ብቻ ነጥሎ መክሰስ ነገርን ከሥሩ አለመመርመር ነው።

ምክንያትን ከአጋጣሚ ለመለየት ተመራማሪዎች የዘርን ምስክርነትም ጠይቀዋል። አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ቪታሚን ዲው ዝቅ እንዲል የሚያደርግ ዘር ይወርሳል፤ ይህ ውርስ ከውፍረቱም ከአኗኗሩም የተነሣ አይደለም። ማነሱ በእውነት ስኳርን የሚያመጣ ከሆነ እነዚህ ሰዎች በስኳር ሊበዙ ይገባል። በ2015 ዓ.ም. የታተመ ትልቅ የዘር ጥናት ግን ይህን አላገኘም። በኋላ የተደረጉ አንዳንዶች ጥቂት ዝምድና አግኝተዋል። ምስክሮቹ ካልተስማሙ ዳኛው «ተረጋግጧል» ብሎ መፍረድ አይችልም።

ሁለተኛው ገደል፦ «መድኃኒቱ ይህ ነው» ማለት

ክርክሩን የሚቈርጠው በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ለአንደኛው ወገን ቪታሚኑ፥ ለሌላው መልኩን የመሰለ ባዶ እንክብል የሚሰጥበት ሙከራ ነው። ወደ ስኳር በሽታ አፋፍ በደረሱ ሰዎች ላይ እንዲህ ያሉ ሦስት ታላላቅ ሙከራዎች ተደርገዋል።

የመጀመሪያው በኖርዌይ ሰሜናዊ ጫፍ በትሮምሶ የተደረገው ሲሆን ውጤቱ በ2016 ዓ.ም. ታተመ። 511 ሰዎች ለ5 ዓመታት ተጠበቁ፤ ቪታሚኑን በሳምንት 20,000 ዩኒት ከወሰዱት 256 ሰዎች 103ቱ፥ ካልወሰዱት 255 ሰዎች 112ቱ በስኳር ተያዙ። ሁለተኛው በአሜሪካ የተደረገና በ2019 ዓ.ም. የታተመው ነው። 2,423 ሰዎች ተካፈሉ፤ በቀን 4,000 ዩኒት ከወሰዱት 293፥ ካልወሰዱት 323 ሰዎች ታመሙ። ሦስተኛው በጃፓን 1,256 ሰዎች የተካፈሉበትና በ2022 ዓ.ም. የታተመው ሲሆን፥ የተሰጠው ተራው ቪታሚን ሳይሆን የተሻሻለ ዓይነቱ ነው፤ ከመቶ 12.5 እና 14.2 ሆኖ ተቈጠረ። በሦስቱም የወሰዱት ወገኖች በጥቂቱ ተሽለው ታይተዋል፤ ነገር ግን ልዩነቱ በእያንዳንዱ ሙከራ ብቻውን ሲታይ ከአጋጣሚ ሊለይ የማይችል ነው።

በ2023 ዓ.ም. ሦስቱ ሙከራዎች በአንድነት ሲሰሉ ቪታሚኑ የመታመምን ዕድል ከመቶ 15 ያህል እንደቀነሰ ታወቀ። ከመቶ 15 የሚለው ቍጥር ሲሰማ ትልቅ ይመስላል። ነገር ግን ሒሳቡን በሌላ መንገድ ብናደርገው፥ ለ3 ዓመታት ከመቶ ሰዎች ያዳናቸው 3 ያህል ብቻ ናቸው። አንድ ሰው ከበሽታው እንዲድን 30 ሰዎች 3 ዓመት ሙሉ እንክብሉን መዋጥ አለባቸው ማለት ነው። በአንጻሩ በ2002 ዓ.ም. በአሜሪካ 3,234 ሰዎች በተካፈሉበት ሙከራ፥ ክብደትን ከመቶ 7 መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ በሽታውን ከመቶ 58 ቀንሶታል፤ በዚያ መንገድ አንድ ሰው ለማዳን የሚያስፈልጉት 7 ሰዎች ብቻ ናቸው። 30 እና 7 የሚሉትን ሁለት ቍጥሮች አንባቢ ይያዝልን።

እዚህ ላይ ግን «ቪታሚኑ ምንም አይረባም» ለሚሉት ለተቃራኒዎቹም የምንለው አለ። በአሜሪካው ሙከራ ከተካፈሉት ከአራቱ ሦስቱ ከመነሻው ቪታሚን ዲ ያላነሳቸው ሰዎች ነበሩ። ያልተጠማ ሰው ውኃ ጠጥቶ እርካታ ባይታይበት ውኃ ጥማት አይቈርጥም አይባልም። በዚያው ሙከራ መጠናቸው እጅግ ዝቅ ያለ፥ ማለት ከ12 ናኖግራም በታች የሆነ 103 ሰዎች ለብቻ ሲታዩ ቪታሚኑ በብዙ የጠቀማቸው ይመስላል። ይሁን እንጂ ይህ ቍጥር በኋላ ከብዙው መካከል ተመርጦ የወጣ ትንሽ ቡድን ነው፤ ጥያቄ ለማንሣት ይበቃል፥ ፍርድ ለመስጠት ግን አይበቃም። በ2024 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ የሆርሞን ሐኪሞች ማኅበር መመሪያም በዚሁ መካከለኛ መንገድ የሄደ ነው፤ ወደ ስኳር በሽታ አፋፍ ለደረሱ አዋቂዎች ከአኗኗር ለውጥ ጋር ቪታሚን ዲ ቢጨመር ይሻላል ሲል፥ ጤነኛውን ሁሉ እየጠሩ የቪታሚኑን መጠን መመርመርን ግን አይደግፍም።

ከሦስቱ ሙከራዎች ምንም ቃል ወደ ደጋው አገራችን ስንወስድ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። የአሜሪካው ሙከራ ተካፋይ በአማካይ 60 ዓመት የሆነው፥ ወፍራም፥ ኑሮው የከተማ የሆነ ሰው ነው። የመዘዞን ገበሬ አይመስልም።

መዘዞ በዚህ ሚዛን ስትታይ

መዘዞ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ ከፍ ብላ ትወጣለች። አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከመቶ 10 ያህል እየጨመረ ስለሚሄድ፥ በ3,000 ሜትር ላይ ያለው ከባሕር ዳርቻው በሲሶ ያህል ይበልጣል። ትሮምሶ ግን በክረምት ሁለት ወር ገደማ ፀሐይ ፈጽማ የማትወጣባት ከተማ ናት። በሰማዩ ብቻ ቢፈረድ መዘዞ ባለጸጋ፥ ትሮምሶ ድኻ በሆነች ነበር።

ነገር ግን ፀሐይ የምትመዘነው በሰማይ ላይ ሳይሆን በገላ ላይ ነው። የዚያ አገር ብርድ የታወቀ ነው። ከመንዝ በግ ጠጕር የተሠራው በርኖስና ባና፥ በላዩም ጋቢው፥ የሰውን ገላ ከአንገት እስከ ጉልበት ይሸፍናል፤ ራስም በሻሽ ወይም በኮፍያ ይጠመጠማል። ለፀሐይ የሚተርፈው ፊትና እጅ፥ ቢበዛ ባት ነው። ሰው ፀሐይ የሚሞቀውም በአብዛኛው ማለዳ ነው፤ በዚያን ሰዓት ሙቀቷ ደስ ያሰኛል እንጂ ፀሐይዋ ገና ዝቅ ያለች ስለ ሆነች ቪታሚኑን የሚሠራው ጨረር ጥቂት ነው። ጨረሩ የሚበረታው የሰው ጥላ ከቁመቱ ሲያጥር ነው። በመስኮት መስተዋት በኩል የሚገባው ፀሐይም ያሞቃል እንጂ ቪታሚን አይሠራም።

አሁን አባባሉን እንፈትነው። ማነሱ ብቻውን ስኳርን የሚያመጣ ቢሆን፥ በበርኖስ ተሸፍኖ የሚኖር የደጋ ሕዝብ ሁሉ ከቈላው ይልቅ በስኳር መታወክ ነበረበት። ይህ ሰው ግን ገደል ወጥቶ ገደል የሚወርድ፥ በሬ የሚከተል፥ ገበያ ለመድረስ ሰዓታት በእግሩ የሚሄድ ነው። ፀሐይና ድካም፥ ልብስና ውፍረት በአንድ ሰው ላይ ተለያይተው የሚገኙት እንዲህ ባለ አገር ነው። ሁለት ሰዎችን ብቻ በአሳባችን እናስቀምጥ። ሸማኔው ቀኑን ሙሉ ጥላ ውስጥ ተቀምጦ ይሠራል፤ ገላው ቀጭን ነው፤ ፀሐይ አያገኝም። በገበያ የምትሸጠው ነጋዴ ደግሞ በፀሐይ ላይ ትውላለች፤ ነገር ግን ተቀምጣ ስለ ሆነ፥ ኑሮዋም የተሻለ ስለ ሆነ ትወፍራለች። በከተማ ዘንድ ጥላና ውፍረት አብረው ስለሚሄዱ የትኛው ጥፋተኛ እንደ ሆነ አይለይም፤ በሸማኔውና በነጋዴዋ ላይ ግን ሁለቱ ተለያይተዋል። እውነተኛው ጥናት መጀመር ያለበት እንዲህ ካሉ ሰዎች ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራን ነገር አለ። በአገራችን ገጠር «ስኳር» የተባለ ሁሉ 2ኛው ዓይነት አይደለም። በጎንደርና በጅማ የተሠሩና በ2009 ዓ.ም. የታተሙ ጥናቶች እንዳሳዩት፥ ከገጠር የሚመጡት ብዙዎቹ በሽተኞች ቀጫጭን፥ ወጣቶችና ድኾች ሆነው ኢንሱሊን የግድ የሚያስፈልጋቸው ናቸው፤ ተመራማሪዎቹም በሽታው ከምግብ እጥረት ጋር ያለውን ዝምድና እንደገና መመርመር እንደሚገባ አሳስበዋል። በ2025 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ዓይነት 5ኛው ዓይነት ብሎ ለይቶ ተቀብሎታል። እንግዲህ ከመዘዞ ገጠር ውኃ ውኃ የሚለው፥ ሽንቱ የሚመላለስበት፥ ሰውነቱ የሚያልቅ አንድ ጎልማሳ ቢመጣና «ፀሐይ ሙቅ፥ ይህን ቪታሚን ዋጥ» ተብሎ ቢመለስ፥ ኢንሱሊን ሳያገኝ በመንገድ ላይ ሊሞት ይችላል። ለወፍራም የከተማ ሰው የተነገረ፥ ያም ቢሆን በግማሹ ብቻ የተረጋገጠ ምክር፥ ለሌላ ዓይነት በሽተኛ ሲደርስ መርዝ ይሆናል። የሂሳችን ክብደቱ እዚህ ላይ ነው።

የተረጋገጠው ነገር እንዳይጠፋ

ይህን ስንል ቪታሚን ዲን የምናቃልል እንዳይመስል። በአጥንት ረገድ ያለው ማስረጃ ጽኑ ነው። ቪታሚኑን ያጣ ሕፃን ሪኬትስ በተባለው በሽታ ይያዛል፤ እግሩ ይጎብጣል፥ ደረቱ ይጣመማል፥ ጥርሱም መራመዱም ይዘገያል። በአዲስ አበባ ብርቱ የሆነ ሪኬትስ መታየቱ በ1973 ዓ.ም. ለሕክምናው ዓለም ተነግሯል። ሕፃንን «የሰው ዓይን ያየዋል፥ ብርድ ይመታዋል» እያሉ በጨለማ ቤት ጠቅልሎ ማቈየት ለዚህ መንገድ ይከፍታል። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ዶክተር ሉሉ ሙሔ፥ ዶክተር ስለሺ ሉልሰገድና ባልደረቦቻቸው በላንሴት ባሳተሙት ጥናት፥ በሳንባ ምች ታመው ሆስፒታል ከገቡ ሕፃናት መካከል ሪኬትስ የነበረባቸው ካልታመሙት ጋር ሲነጻጸሩ ከ10 እጥፍ በላይ ሆነው ተገኝተዋል። ለመዘዞ እናት «ልጅሽን ፀሐይ አሳዪው» ማለት ከዚህ የተነሣ ትክክል ነው። ለመዘዞ አባት «ስኳርህን ፀሐይ ያድንልሃል» ማለት ግን ትክክል አይደለም። ሁለቱን ምክሮች አንድ ቪታሚን ስለ ተጠቀሰባቸው ብቻ በአንድ አቁማዳ መክተት፥ ሁለተኛው ሐሰት ሆኖ ሲታይ የመጀመሪያውም እውነት እንዲጠላ ያደርጋል።

ቪታሚኑም ቢሆን ያለ ልክ ሲወሰድ ጉዳት አለው፤ በደም ውስጥ ካልሲየምን ከፍ አድርጎ ኩላሊትን ይጎዳልና። ከፀሐይ የሚገኘው እንዲህ አይበዛም፥ ቆዳ ልኩን ያውቃል፤ እንክብልና መርፌ ግን ልክ የላቸውም።

መደምደሚያና አሳብ

ከላይ የዘረዘርነውን ስናጠቃልለው፥ የቪታሚን ዲ ማነስና 2ኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ዝምድና አላቸው፤ ዝምድናቸው ግን በአመዛኙ የጋራ ጎረቤት ስላላቸው ነው፤ ያም ጎረቤት ተቀምጦ መዋልና ውፍረት ነው። ቪታሚኑ በአፋፍ ላይ ላሉ ሰዎች ጥቂት ሊረዳ ይችላል፤ እጅግ ለጎደላቸው ምናልባት ከጥቂት የበለጠ። መራመድን ግን አይተካም፥ ሜትፎርሚንን አይተካም፥ ከሁሉም በላይ ኢንሱሊንን አይተካም።

ስለዚህ ወደፊት በዚህ ጉዳይ ለሚመራመሩ የኮሌጃችን ተማሪዎች ሦስት አሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፥ እንደ መዘዞ ባለ ደጋና በሥሩ ባለው ቈላ የሚኖሩ ሰዎች ጎን ለጎን ይመርመሩ፤ የደም ስኳርና ቪታሚን ዲ ብቻ ሳይለኩ የወገብ ስፋት፥ በቀን የሚሄዱት መንገድ፥ የሚለብሱት ልብስና በፀሐይ የሚያልፈው ሰዓት አብሮ ይመዝገብ። ሁለተኛ፥ ሸማኔንና ነጋዴን፥ ካህንንና ገበሬን ለይቶ የማያይ፥ «ገጠር» እና «ከተማ» ብሎ ብቻ የሚከፍል ጥናት ክርክሩን ስለማይፈታው ሥራና አለባበስ የክፍፍሉ መሠረት ይሁኑ። ሦስተኛ፥ ማናቸውም ጥናት የስኳር በሽታውን ዓይነት ሳይለይ ውጤቱን አያሳትም።

እስከዚያ ድረስ በመዘዞ ለሚገኝ በሽተኛ ጥቂት ብር ካለው፥ በመጀመሪያ የደም ስኳሩን ይመርመርበት፤ ሁለተኛ በሐኪም የታዘዘለትን መድኃኒት ሳያቋርጥ ይግዛበት፤ ሦስተኛ እግሩን ከቍስል የሚጠብቅበት ጫማ ይግዛበት። ፀሐይቱ ግን በነጻ ናትና፥ በቀትር ገደማ በርኖሱን ከክንዱ ላይ ገለጥ አድርጎ ጥቂት ይቀመጥ። ለአጥንቱ ይጠቅመዋል፤ ስለ ስኳሩ ግን ሐኪሙን ይጠይቅ።